ግጭት በራሱ አይቀሰቀስም

ለአዘጋጁ፣

ዜናዎቻችሁ ላይ አንድ አባባል እየደጋገመ ያናድደኛል። «ግጭት ተቀሰቀሰ» ትላላችሁ። ማን ቀሰቀሰው? ዝም። ግጭቱ እንቅልፉን ጠግቦ በራሱ የነቃ ነው የሚመስለው።

ቀሰቀሰ እኮ ክፉ ቃል አይደለም። የተኛን ማንቃት ነው፤ ለምርጫም ለክትባትም ቅስቀሳ ይደረጋል። ሆን ብሎ ጠብ ለሚያስነሳ ሰው ግን አማርኛ ቆሰቆሰ የሚል ግስ አለው። ከምድጃ የመጣ ነው። እሳቱ አመድ ለብሶ የጠፋ ይመስላል፣ ከዚያ አንዱ እንጨት ይዞ ይመጣና አመዱን ገለጥ፣ ፍሙን ነካ ነካ ሲያደርገው ብልጭታው ይረጫል፣ ነበልባሉ ይነሳል። ግሱ ራሱ ቆስ ቆስ እያለ ይደጋገማል፤ አንዴ ነክቶ የተወ ቆስቋሽ አይባልም። ደግሞም አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ፍሙ ቀድሞ ነበረ፣ እንጨቱን የያዘም ሰው አለ። ቂሙን ሳያጠፋ አመድ አልብሶ የተወውም ከወቀሳ አያመልጥም ማለት ነው።

ጠብ ጫሪ ከዚህ ይለያል። ክብሪት ለመጫር ቀድሞ የነደደ እሳት አያስፈልግም። ዶሮም ትጭራለች፣ «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ካራው ለራሷ አንገት ነው የሚተርፈው። (ትንኮሳን ተዉት፤ ከድንበር ተኩስ እስከ ጾታዊ ጥቃት ሁሉን አሸክመነው ጉልበቱ አልቋል።)

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 36 የመረጠው ማነሳሳትን ነው። ቃሉ ለብ ያለ ነው፣ መጽሐፍም ለንባብ ያነሳሳል። ቢሆንም ሕጉ እናንተ የምትዘሉትን ሰውዬ ይፈልጋል። በማግባባት፣ ተስፋ በመስጠት፣ በገንዘብ፣ በስጦታ ወይም በማስፈራራት ሌላውን አስቦ ወደ ወንጀል ያስገባ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ለመቀጣት ግን ወንጀሉ ቢያንስ መሞከር አለበት። እጁን ወንጀሉ ላይ አላሳረፈም ተብሎ አይታለፍም።

እና እባካችሁ፣ ቆስቋሹ ከታወቀና ማስረጃ ካላችሁ ስሙን ጻፉት። ካልታወቀም «ማን እንደቆሰቆሰው አልታወቀም» በሉና በሚቀጥለው እትም ፍለጋችሁ የት እንደደረሰ ንገሩን።

አንባቢያችሁ