ለጓሮ ምድጃ ጡብ ስትገዙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ብዙ ሰው የጓሮ ምድጃ ግንባታን የሚተወው እሳት የሚቋቋም ጡብ ውድ ነው ብሎ ነው። ይሁንና ይህ ጡብ የግድ የሚያስፈልገው ለወለሉ ብቻ ነው። ውስጡ 1 ሜትር ስፋት ላለው ክብ ምድጃ፣ 23 በ11.4 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጡብ በጀርባው ሲነጠፍ፣ በቆረጣ የሚባክነው ተጨምሮ 36 ያህል ይበቃል።

ክብ ጣሪያው ማለትም ጉልላቱ ለሁለት በተከፈለ ጡብ ሲገነባ ወደ 110 ሙሉ ጡብ ይወስዳል። እዚህ ላይ ከፈረሰ ቤት የወጣ ድፍን ሸክላ ጡብ ያገለግላል፤ ዕድሜው ከውዱ ቢያንስም። ባለቀዳዳው ግን በሙቀት ይሰነጠቃል። ስትመርጡ ሁለት ድፍን ጡብ አጋጩ፦ ጥርት ብሎ ካቃጨለ በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ወይም ጥፍር ከቧጠጠው ተዉት። በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ ጡብ በቀላሉ ይጸዳል። በሲሚንቶ የተያያዘውን ሲያጸዱት ግማሹ ይሰበራል፤ በነጻ ቢሰጣችሁም ርካሽ አይደለም።

ከፋብሪካ እቶን የወጣ አሮጌ ጡብም ይሸጣል። ጠቆር ያለና ከልክ በላይ የሚከብድ ከሆነ ለጤና ጎጂ ሊሆን የሚችል ክሮሚየም የተባለ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ ምድጃ አትግዙት። ክብደቱ በጣም ቀላል የሆነው ደግሞ ሙቀት ማገጃ ነው፤ ለወለል ይለሰልሳል፣ ከጉልላቱ ውጪ ግን ግሩም ልባስ ይሆናል።

ብሎኬት ከመሠረቱና ከእግሩ አይለፍ፤ እሳት በቀጥታ ሲነካው ሲሚንቶው ይፈረፈራል።

ከምድጃ ግንበኞች