ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ምን ያህል ይተካል?

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ሁሉ ሰላም ነው? ከተጠፋፋን ብንከርምም ጥያቄህን አልረሳሁትም፦ የሰው ልጅ በሙሉ ዓይኑን ቢያጣ የልጅ ልጆቹ ጆሮ እንደ ሌሊት ወፍ ይሰላ ነበር ወይ?

አይመስለኝም። አባት የተለማመደው ነገር በዘር አይተላለፍም። ጆሮ ከትውልድ ትውልድ እየሰላ እንዲሄድ፣ አጥርቶ የማይሰማው ሰው ልጅ ሳይወልድ የሚቀርበት ኑሮ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ በትር አለን፣ ብሬል አለን፣ ክንዱን የሚያውሰን ሰው አለን። ይልቅ የሚቀለው መጥፋት ነው፤ የማያስፈልግ ጂን ቢበላሽ የሚጎዳ ስለሌለ ብልሽቱ ይወረሳል። ከማሽተት ጂኖቻችን ዛሬ የሚሠሩት 400 ያህል ናቸው፤ የተበላሹት ከእነዚህ አያንሱም። የሜክሲኮው ዓይን አልባ የዋሻ ዓሣም ፅንስ ሳለ ዓይን ማብቀል ይጀምራል፤ ከዚያ የሌንሱ ሴሎች ይሞቱና ዓይኑ ይከስማል።

በአንድ ሰው ዕድሜ የሚለወጠው አንጎል ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸኛው ነው። ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነች፣ ብሬል አቀላጥፋ የምታነብ ሴት፣ የአንጎሏ የእይታ ክፍል በስትሮክ ተጎዳ። ጣቷ ነጥቦቹን መዳሰሱን አላቆመም፤ ማንበብ ግን አቃታት። ጉዳዩ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ያ ክፍል ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም ነበር ማለት ነው።

ጆሮም ይሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ከ21 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በ10 ሳምንት ሥልጠና የምላስ ጠቅታቸው ከዕቃ ነጥሮ ሲመለስ በማዳመጥ ዕቃ መለየትን ተምረዋል። መሞከር ካማረህ ጸጥ ባለ ክፍል ዓይንህን እሰር፤ ምላስህን ላንቃህ ላይ አጣብቀህ ወደ ታች ንጠቀው። ጠቅታው አጭርና ስል ይሁን፤ ከረዘመ ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ ይሸፍነዋል። ሌላ ሰው ጎድጓዳ ሳህን ፊትህ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ይያዝ፣ ከዚያ ያንሳው፤ አንተ ጭንቅላትህን ግራ ቀኝ እያዞርክ ልዩነቱን ስማ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የገደል ማሚቶ ሲጠብቅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ 1 ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ በ6 ሚሊሰከንድ ይመለሳል፤ ተለይቶ አይሰማም፣ የጠቅታውን ቃና ብቻ ይለውጠዋል።

መጋረጃና ብርድ ልብስ ድምፁን ስለሚውጡት እምብዛም አይመልሱልህም። የደረጃ ጠርዝና ጉድጓድም በጠቅታ አይታወቁም፤ ስለዚህ የተካኑትም ቢሆኑ ነጭ በትራቸውን አይጥሉም።

ሳህኑን ሞክርና የሰማኸውን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ