አረንጓዴው ጊታር ሰማያዊ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜና ለልጅነት ጓደኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተነጋገርን ስምንት ዓመት አለፈን፤ የዝምታው ጥፋት የእኔ እንደ ሆነ አውቃለሁ። አባትህ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነበር። በዚያው ቀን መደወል ሲገባኝ «አሁን ዘግይቼ ምን እላለሁ» እያልሁ ሳምንት አሳለፍሁ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ዕፍረቴ ይቀድመኝ ጀመር። አንተ ግን አጎቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶ ቤት እንዳልተለየህ እኅቴ ነግራኛለች። የአባትህን ነፍስ ይማር፤ አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ። በጊዜው ያልደረሰ ማጽናኛ መሆኑን ባውቅም ከልቤ ነውና ተቀበለኝ።

ብዕር ያስነሣኝ የአጎቴ ጊታር ነው። ሲናዘዝ ለእኔ እንዲሰጥ ብሎ ነበርና እኅቴ በሰኔ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ሣጥኑ ለአውሮፕላን አልመች ስላላት አንገቱን ከአካሉ የያዙትን አራት ብሎኖች በአናጢ አስፈትታ፣ ሁለቱን ለየብቻ በጋቢ ጠቅልላ፣ በርበሬና ሽሮ ከያዘው ሻንጣ ውስጥ አስተኝታ ነው ያደረሰችው። በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን ጊታሩ ሲፈጠርም እንዲሁ በብሎን እንዲፈታና እንዲገጠም ታስቦ መሆኑን ተረዳሁ፤ የጊታር ሠሪው የሊዮ ፌንደር ብልሃት ይኸው ነበር። አንገቱ በማጣበቂያ የተያያዘ ጊታር ሲጎዳ ረጅም የእጅ ሥራ ይጠይቃል፤ ይህን ግን ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ይፈታዋል።

እኔና አንተ ያን ጊታር ስንት ዓመት ተሸክመን ስንዞር ምን እንደ ሆነ አናውቅም ነበር። አጎቴ በ1962 ዓ.ም. የጭነት መኪና ይዞ አስመራ ሲመላለስ፣ ቃኘው ጣቢያ ከነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮች ወደ አገሩ ከሚመለስ አንዱ ላይ እንደ ገዛው እንሰማ ነበር እንጂ ከዚያ ያለፈ ነገር አልጠየቅንም። ስሙ ፌንደር ሙስታንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለጀማሪ ተማሪዎች ተብሎ የወጣ፣ ስትራቶካስተር ከሚባለው ከዚያው ድርጅት ታዋቂ ጊታር የረከሰና ያነሰ ነበር። የስትራቶካስተር ክር ከጭንቅላቱ መነሻ እስከ ድልድዩ 64.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሙስታንግ 61 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክሩ ሲያጥር ለዚያው ድምፅ የሚያስፈልገው ውጥረት ስለሚቀንስ ጣት ላይ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ በቀበሌው ኪነት የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር ለመምሰል ስንታገል፣ ትዝታ ስትጫወት ክሩን እየገፋህ ድምፁን እንደ ማሲንቆ ታስለቅሰው የነበረው ጣትህ ስለ ሰላ ብቻ አልነበረም፤ አጭሩ አንገትም ያግዝህ ነበር። ይህን የምነግርህ ሙያህን ለማሳነስ አይደለም፤ እኔ በተውሶ ባገኘሁት በሌላ ጊታር ላይ ያንኑ ልሞክር ብዬ ጣቴ ሲደማ «አንተ ሰነፍ ነህ» ያልኸኝን ዛሬ እንድታነሣልኝ ነው።

ጋቢውን ስፈታ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ተረከዝ ላይ ነበር። እዚያ፣ ሲገጠም ፈጽሞ በማይታይበት ስፍራ፣ በማኅተም የተመታ ጽሑፍ አለ፤ የወሩ ስም ኖቬምበር፣ ዓመቱ 66፣ ቀጥሎም ቢ የሚል ፊደል። ፊደሉ የአንገቱን ስፋት ይናገራል፤ ኤ ጠባቡ፣ ቢ መደበኛው፣ ሲና ዲ ሰፋፊዎቹ ናቸው። ስለዚህ ያ አንገት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1966 መገባደጃ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ነው። ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን ሲ.ቢ.ኤስ. ለሚባለው የአሜሪካ ብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠው ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ከጀርባው ባለው የብረት ሳህን ላይ የተቀረጸውን ትልቁን ኤፍ ታስታውሰዋለህ፤ ከሽያጩ በኋላ የመጣ ምልክት ነው። ከሥሩ ያለውን ቁጥር ግን አትመነው፤ ሳህኖቹ ከሣጥን በተራ እየተነሡ የሚገጠሙ ስላልነበሩ በግምት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቮሊዩሙና ቶኑ፣ የድምፁን መጠንና ስለት የሚቆጣጠሩት ሁለት መዘውሮች፣ የተቀመጡበትን የብረት ሳህን ፈትቼ ገለበጥሁት። ከእያንዳንዱ መዘውር ጀርባ 1376634 የሚል ቁጥር ታትሟል። በልጅነታችን ይህንኑ አይተን የዋጋ ቁጥር መስሎን እንደ ነበር ትዝ ይልሃል? አነባበቡን አሁን ተማርሁ። 137 ሲ.ቲ.ኤስ. የሚባለው ፋብሪካ መለያ ነው፤ 66 ዓመቱ ነው፤ 34 ደግሞ የዓመቱ ሠላሳ አራተኛ ሳምንት ነው። መዘውሩ በነሐሴ ተሠርቶ አንገቱ በኅዳር ማኅተም ተመታበት ማለት ነው፤ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይስማሙም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1966 እነዚህን መዘውሮች በብዛት ገዝቶ ስላከማቸ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በተሠራ ጊታር ውስጥም የዚያ ዓመት ቁጥር ይገኛል። ስለዚህ ጊታር ከውስጡ ካሉት ክፍሎች ሁሉ በመጨረሻ ከተሠራው በፊት ሊወለድ አይችልም ብሎ መነሣት እንጂ አንዱን ቁጥር ይዞ መደምደም አይገባም። ይህን ማንበብ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግርህ አልችልም። ሌሊቱን ሙሉ አጉሊ መነጽር ይዤ ተቀመጥሁ፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተነሥታ መብራት አጥፋ ብላኛለች።

ከዚያም የፊቱን ነጭ ሽፋን አነሣሁ። የምነግርህን አስተውል። የአጎቴ አረንጓዴ ጊታር አረንጓዴ አይደለም። ከሽፋኑ ሥር፣ ብርሃን ሳያገኘው ወደ ስድሳ ዓመት የቆየው ቀለም፣ ክረምት ሲወጣ በመስከረም እንደምናየው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። በዘመኑ ይቀቡት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ በዕድሜና በብርሃን እየቆየ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ከሰማያዊው በላይ ሲደረብ ዓይናችን አረንጓዴ ያያል። ዐይናችን አልዋሸንም፤ ነገር ግን እኛ የምናውቀው ቀለም በአስመራ፣ በአዲስ አበባና በአጎቴ ሳሎን መስኮት ፀሐይ የተሠራ ነው። የሽፋኑ ጠርዝ ባረፈበት መስመር ላይ ሁለቱ ቀለሞች ሲገናኙ በጣቴ ዳሰስሁት፤ ልዩነቱ ለዓይን እንጂ ለጣት አይታወቅም። አንድ ሰው ላድስልህ፣ እንደ ጥንቱ ሰማያዊ ላድርግልህ ብሎኝ ነበር፤ እንዳይነካው ነገርሁት።

ማብሪያዎቹንም ነገር ልንገርህ። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ከሁለቱ ፒክአፖች እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ ያለው የሚንሸራተት ማብሪያ አላቸው፤ መካከሉ ላይ ሲሆን ይዘጋል፣ በሁለቱም ጫፍ ይከፈታል። ሁለቱን አብረን ስንከፍት አንዳንዴ ድምፁ እየቀጠነ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ሲሆን ተበላሽቷል ብለን የአንዱን ማብሪያ ጫፍ በፕላስተር አሽገነው ነበር፤ የፕላስተሩ ሙጫ ዛሬም አለ። ብልሽት አልነበረም። ሁለቱ ጫፎች ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያገናኙ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ፒክአፕ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ የሁለቱ የጋራ ድምፅ ይተላለቅና የተረፈው ብቻ ይሰማል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

እዚህ ቤቴ ውስጥ ስሰካው ደግሞ የማላውቀው ጊታር መሰለኝ። ያ የሚያጉረመርመው የመብራት ድምፅ፣ አንተ ጂ የሚባለው ኖታ ነው እያልህ የወፍራሙን ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለውን ሦስተኛ ዘንግ) ከእሱ ጋር እያነጻጸርህ ትቃኝበት የነበረው፣ እዚህ ተለውጧል። ምክንያቱን ሳስብ ገባኝ። በአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ከእርሱ የሚወለደው እጥፉ 100 ከጂ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል፤ ጆሮህ ልክ ነበር። አሜሪካ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ 120 ይሆናል፤ እሱም በቢ ፍላትና በቢ መካከል ወድቆ ከየትኛውም ክር ጋር አይስማማም። ጊታሩ ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ ሳለ፣ እኔ ግን የእናንተን መብራት ጉርምርምታ ናፈቅሁ።

ጊታር የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ የወሰድሁት ቶኑ አልፎ አልፎ ሥራውን ስለሚያቋርጥ ነበር። ዛሬ ይህ የተማሪ ጊታር የተማሪ ዋጋ የለውም፤ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ዘፋኝ ከርት ኮቤይን እ.ኤ.አ. በ1991 በሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ሙስታንግ ይዞ ከታየ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል። ባለሙያው ውስጡን አይቶ ሁሉም የጥንቱ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ የእርሱ አይደለም አለና ከቶኑ መዘውር ላይ የተበየደውን ቡናማ ኮንደንሰር፣ ቶኑ ሲዘጋ ስሉን ድምፅ የሚቀንሰውን ትንሽ ዕቃ፣ አሳየኝ። የራዲዮ ዕቃ መሆኑን ወዲያው ዐውቆታል። ዘመኑን የሚመስል አግኝቶ ሊተካልኝ እንደሚችል፣ የጊታሩም ዋጋ ከፍ እንደሚል ነገረኝ። እኔ ግን ኮንደንሰሩን ሳየው ከአባትህ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ መደርደሪያ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው ከቀሩት ራዲዮዎች መካከል ነበርሁ።

ሰኔ 1979 ዓ.ም. ነው። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ጊታሩ ድምፁ ሞቶ አባትህ ዘንድ ይዘነው ሄድን። አባትህ የብየዳ ካውያውን አግል ሲሉህ፣ እኔን ደግሞ ሻይ እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ስመለስ ጊታሩ ይዘምር ነበር። ማን ምን እንደ ሠራ አላየሁም፤ አልጠየቅሁምም። ያ ኮንደንሰር አቅሙ ከፋብሪካው ኮንደንሰር ያነሰ ስለ ሆነ ስሉን ድምፅ እምብዛም አይበላውም፤ ቶኑን ሙሉ በሙሉ ስንዘጋው እንኳ ጊታሩ የማይታፈነው፣ ያ የምናውቀው የእኛ ድምፅ፣ ከእርሱ የመጣ ነው። እንዳይነሣ ብዬ ጊታሩን መልሼ ወደ ቤቴ ወሰድሁት።

ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ኮንደንሰሩ ሁለት እግሮች አሉት። የአንዱ ብየዳ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ እስካሁን የሚያበራ ነው፤ እግሩም በመዘውሩ ቀዳዳ ውስጥ አንዴ ተጠምዝዞ ተቆርጧል። የሌላው ብየዳ ጎድጎድ ያለ፣ ሊዱ የበዛበት፣ መልኩ የደበዘዘ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። የቶኑን ሥራ የሚያቋርጠው ይኸኛው ነው፤ እንደገና ሊቀልጥ ይገባዋል። እኔ በልቤ የተሰነጠቀው የአንተ፣ የሚያበራው የአባትህ ነው ብዬ ገምቻለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበርና። ነገር ግን ተሳስቼ ከሆነስ? አባትህ ቸኩለው ያንኛውን ራሳቸው ነክተውት ከሆነ፣ ከእጃቸው ሥራ በእኔ ዘንድ የቀረውን ካውያ አስነክቼ ማጥፋት አልሻም፤ በመሃል እየተቋረጠም ቢሆን እንዲሁ እጫወትበታለሁ። የአንተ ከሆነ ደግሞ ፈቃድህን እጠይቃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሁለቱን ብየዳዎች ፎቶግራፍ አቅርቤ አንሥቼ ልኬልሃለሁ። እሑድ በእናንተ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ፤ በዚህ ጊዜ አልቀርም። የትኛውን ማን እንደ በየደው እስክትነግረኝ ድረስ ሳህኑን ሳልገጥም፣ ጊታሩን በዚያው ጋቢ ላይ አስተኝቼ እጠብቃለሁ።

ወንድምህ