ቅሬታው የወደቀው በማይገባው ሰው ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«የድሮዋ ድሬ የለችም፤ መጤው በዛና ጠባይዋ ተለወጠ» የሚለው ቅሬታ ከነባር ነዋሪዎች አንደበት አይጠፋም። ከተማዋ መለወጧን እኔም አልክድም። ጥፋቱን በመጤው ላይ ማላከክ ግን ከራሷ ከድሬዳዋ ታሪክ ጋር ይጋጫል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር፣ በአካባቢው ኦሮሞና ሶማሌ ላይ ከሐረር፣ ከደጋው አገር፣ ከየመን፣ ከግሪክና ከህንድ የመጣው ሁሉ ተጨምሮ ነው ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች የሞሉት። የድሬ ልጅነት በዘር ሐረግ የተቆጠረበት ጊዜ አልነበረም፤ አብሮ በመዋል የሚገኝ ነበር።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አብሮ መዋያው የት ገባ የሚለው ነው። ቀፊራ ገበያ ጠዋት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ለአንዱ ደንበኛ ዋጋውን በኦሮምኛ ነግራ፣ ከሌላው ጋር በሶማልኛ ተከራክራ፣ መልሱን በአማርኛ ቆጥራ ስትሰጥ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በባቡሩ ዎርክሾፕ ደግሞ ፈረንሳይኛ ታክሎበት የየሰፈሩ ልጅ አንድ ሙያ ይማር ነበር። ከደጋ የመጣ እንግዳ ትንሽ ትልቁ «አንተ» ሲለው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን እሱም አንቱታውን ይረሳና ሰው ሁሉ እንደ ሰፈሩ ልጅ ያየዋል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም፤ ገበያው፣ የሥራ ቦታውና የዛፍ ጥላው ያለምዱታል።

አሁን የባቡር ጣቢያው ከመሐል ከተማ ወጥቷል፤ ተሳፋሪው ከዚራን ሳይረግጥ ማለፍ ይችላል። ነጻ የንግድ ቀጣናውም በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ወጣቱ ሥራ ይፈልጋልና እነዚህን የሚቃወም ሰው ስለ ከተማዋ ሳይሆን ስለ ትዝታው ነው የሚያስበው። ነገር ግን እንጀራ ፍለጋ የመጣው ልጅ ከሥራ ቦታው ወደ ኪራይ ቤቱ፣ ከኪራይ ቤቱ ወደ ሥራው ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ድሬን በምን ያውቃታል? ካላወቃትስ በምን ይወቀሳል?

የከተማው አስተዳደር ስለ ማስዋብ ሲያቅድ ቀለምና መብራት ቀድመው ይታሰባሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የድሮው ጣቢያና ዎርክሾፕ ነባሩም አዲሱም ነዋሪ የሚገባበት የሕዝብ ቦታ ይሁን፤ ጡረታ የወጡት የባቡር ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ እዚያው ወጣቶችን ያሠልጥኑ። ቀፊራ በሚታደስበትም ጊዜ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ቦታዋ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ይመላከት፤ ግንባታው ካለቀ በኋላ ቦታ ይፈለግላት ማለት ከገበያው ማስወጣት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ