የአምናው ዕቅድ የት ደረሰ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ።

በበዓሉ እትማችሁ ታዋቂ ሰዎችን "ለአዲሱ ዓመት ምን አቀዳችሁ?" ብላችሁ ስትጠይቁ አነበብኩ፣ ደስ ይላል፣ ግን አምና ያቀዳችሁት የት ደረሰ ብሎ የጠየቃቸው የለም እኮ።

እኔ ራሴ የባስኩ ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ነው የምሠራው፣ እንጀራዬ ማቀድና ሪፖርት ማጠናቀር ነው፣ ቤቴ ግን ባንኮች በየዓመቱ ከሚያድሉት አጀንዳ አራት አለ፣ የአራቱም የመጀመሪያ ገጽ "መንጃ ፈቃድ ማውጣት" ይላል፣ ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው፣ አንዱ ላይማ ልጄ ዶሮ ስላበታለች።

ቢሮ እኮ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና መስከረም 30 ላይ የአንደኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት የት አለ ትባላለህ፣ ቁጥሩን ብታሳምረውም (እናሳምረዋለን መቼስ) ጠያቂ አለህ። የግል ዕቅድ ማን ይጠይቅሃል? ደሞ የምናቅድበትን ጊዜ እዩት፣ ጳጉሜ ደሞዝ የላት፣ መስከረም ሲገባ ዶሮው፣ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ምናምን ባንዴ ይመጣል፣ ኪሱ የተራገፈ ሰው ጂም እገባለሁ ማስተርስ እጀምራለሁ ይልና ጥቅምት ሳይገባ ይረሳዋል።

አምና ቢሮ ውስጥ ስድስት ሆነን ዕቁብ ጀመርን፣ በየሁለት ወሩ 2,000 ብር። የኛን ልዩ የሚያደርገው ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ለዕቅዱ ምን እንዳደረገ ማሳየት አለበት፣ ካላሳየ ሌላ ዕጣ ይወጣል። ዳኛችን የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ስሜ ወጣ፣ "ተመዘገብክ?" አሉኝ፣ "ያው በዚ ሳምንት..." ስል ሳልጨርስ "ሌላ አውጡ!" የካቲትም እንደዛው፣ ባለቤቴ ፊት እንዴት እንዳፈርኩ አልነግራችሁም። ሚያዝያ ላይ ቲዎሪውን አልፌ 12 ሺዬን ወሰድኩ፣ ፓርኪንግ አንዴ ጣለኝና ነሐሴ ላይ መንጃ ፈቃዴን ያዝኩ። መኪና የለኝም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እትዬ ራሳቸው ግሸን ማርያምን እሳለማለሁ ሲሉ ስንት ዓመታቸው፣ ሰኔ ላይ ዕጣው ሲደርሳቸው ከመስከረም 15 የሚጀምር የዓመት ፈቃድ አስፈርመው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፣ ይሄው ለመስከረም 21 ስንቅ እያዘጋጁ ነው። ማስተርስ እጀምራለሁ ያለው ልጅ ግን "ዕቁብ ነው የገባሁት ፈተና?" ብሎ አኮረፈን፣ ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ የመጨረሻውን ዕጣ ነሐሴ ላይ ሰጠነው፣ ማስተርሱን እስካሁን አልጀመረም። እውነቱን ለመናገር እሱም ትንሽ ልክ ነው፣ ሁሉም ሰው ሲጠየቅ አይሠራም።

ለማንኛውም በሚቀጥለው ጳጉሜ ለነዛው ሰዎች ደውሉላቸው። እኔንም ጨምሩኝ፣ የ2018 ዕቅዴ አንድ ብቻ ነው፣ ያቋረጥኩትን የአካውንቲንግ ዲግሪ የቀሩኝን ሶስት ኮርሶች መጨረስ። ጳጉሜ 3 ባትደውሉ ይሻላል፣ ሩፋኤል ስለሆነ ከልጆቼ ጋ ዝናብ ላይ ነኝ፣ ጳጉሜ 4 ደውሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ