የተቋራጮች ፔሮል ለሠራተኛ ማኅበራት ክፍት ይሁን

ለመንግሥት ግንባታ ውሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በሕዝብ ገንዘብ በሚሠሩ መንገዶችና ሕንፃዎች ላይ የተሰማሩ ተቋራጮች የሚያዘጋጁትን ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ማኅበራችን እንዲመለከት በተደጋጋሚ ያቀረብነው ጥያቄ፣ ሰነዱ የተቋራጩ የውስጥ ጉዳይ ነው በሚል ምክንያት ውድቅ ስለተደረገ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንድ የማኅበራችን አባል በእጁ የገባች አንዲት የፔሮል ገጽ አሳይቶኝ ነበር። የሶሌታ (የሕንፃ ወለል) ኮንክሪት ሙሌት ሊቋረጥ ስለማይችል ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት በዘለቀበት ቀን፣ ሁሉም ሠራተኛ 8 ሰዓት ብቻ እንደሠራ ተመዝግቧል። ለዓመታት ብረት ሲያስር የኖረ ፌሮ ሠራተኛ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ በዝቅተኛው ክፍያ ተጽፏል፤ የፊርማው ዓምድም ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰው እጅ የተሞላ ነው። ገጿን የመረመረው የሒሳብ ባለሙያ ድምሩ ትክክል ስለነበር አሳልፏታል፤ እኔም አልፈርድበትም። ጉድለቱን ሊለይ የሚችለው በዚያ ሌሊት ቫይብሬተር (ኮንክሪት በንዝረት የሚያጠቀጥቅ መሣሪያ) ይዞ ሶሌታው ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ሰነዱ የተከለከለውም ለእርሱና ለወኪሉ ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ቁጥር 94 ስምምነት፣ በመንግሥት ውሎች ውስጥ ስለ ደመወዝና የሥራ ሰዓት የሚገቡ አንቀጾች ከአሠሪና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ምክክር ተደርጎባቸው እንዲወሰኑ፣ ንዑስ ተቋራጮችንም እንዲያካትቱ ያዛል። አንቀጾቹ ሲጣሱ ሠራተኛው የሚገባውን እንዲያገኝ ለተቋራጩ የሚከፈለውን ገንዘብ እስከ መያዝ የሚደርስ እርምጃም ይፈቅዳል። ነገር ግን ክፍያ የሚያዘው ጉድለቱ ከታወቀ ነው፤ ሥራው አልቆ ንዑስ ተቋራጩ ሳይቱን ለቆ ከሄደ በኋላ የሚገኝ ማስረጃ ለሠራተኛው የሚፈይድለት እምብዛም የለም።

የሠራተኞች የግል መረጃ ይጋለጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ማኅበር የጠየቀ ሠራተኛ ከሥራ ሊባረር እንደሚችል እኛም በሚገባ እናውቃለን። ስለዚህ አድራሻ፣ ስልክ፣ የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሸፈኑ፤ ስምም ባለቤቱ ካልፈቀደ ይሸፈን። የሥራ መደቡ፣ በየቀኑ የሠራው ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውና ተቀናሹ ከታዩ ለማመሳከር ይበቃናል። በሐቅ የሚከፍለው ተቋራጭም ከዚህ ይጠቀማል፤ የሠራተኛን ሰዓት ቆርጦ ዋጋውን ዝቅ ከሚያደርግ ተወዳዳሪ ጋር በጨረታ መጋፈጥ እስከ ዛሬ እርሱንም ጎድቶታል።

ስለሆነም በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ፣ ዋናው ተቋራጭ የራሱንና የንዑስ ተቋራጮቹን ፔሮል ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የሚገባው ክፍያ የሚረጋገጥበት ሰነድ) ጋር አያይዞ እንዲያቀርብና የማኅበሩ ወኪል ክፍያው ከመጽደቁ በፊት እንዲመለከተው የሚያስገድድ አንቀጽ እንዲጨመር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ተወካይ