«ለአርሶ አደሩ ተከፈለ»? ለየትኛው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ማዳበሪያ ድጎማ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቢሊዮኖቹ ጋር ጠብ የለኝም። ያንገበገበችኝ አንዲት ቃል ናት። «ለአርሶ አደሩ ተከፈለ» ብላችኋል። ተከፈለ! እኔ ባለሁበት ቀበሌ ከዚህ ድጎማ አንድ ብር በእጁ የቆጠረ ሰው የለም። ከተማ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ዘገባችሁን አይቶ ደወለ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ደረሳችሁ አሉ» አለኝ። ቀጥሎ ብድር ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ማዳበሪያውን በዶላር ይገዛል፣ በጅቡቲ ያስገባል፣ ከገዛበት አሳንሶ በኅብረት ሥራ ዩኒየንና በገበሬ ማኅበር በኩል ይሸጣል። ልዩነቱን እሱ ይችላል። መልካም ነገር ነው፤ አልክድም። የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር ባይደጎም ኖሮ ብዙ ሰው ያለ ማዳበሪያ ይዘራ ነበር። ግን ድጎማው ያለው ኬሻው ውስጥ ነው። ኬሻው እጅህ ካልገባ ድጎማ የሚባል ነገር አላየህም። ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ፣ ዶላሩ ሲወጣ የድጎማው አሃዝም አብሮ ያብጣል። አሃዙ አበጠ ማለት አንድ ኬሻ ተጨመረልን ማለት አይደለም።

ኬሻውስ ለማን ይሰጣል? በእኛ ቀበሌ ለባለ ደብተር። የመሬት ደብተር ያለው ይመዘገባል፣ በመሬቱ ስፋት ልክ ይወስዳል። እኔ ደብተር የለኝም። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸነሸን አልተወለድኩም፤ ዘግይቼ ስለመጣሁ ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ ሽግሽግ የለም። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ጨርሼ የሰው መሬት በእኩል አርሳለሁ። በሬው የእኔ፣ ጉልበቱ የእኔ፣ ምርቱ እኩል።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ በቆሎዬ ጉልበት ደርሶ ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ሲጠብቅ፣ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ሁለት ቀን ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ማስመሪያውን ስሞቹ ላይ አድርጎ ቁልቁል ወረደ። ገጽ ገለጠ። እንደገና ወረደ። «የለህም» አለኝ።

«አራሽ ነኝ» አልኩት።

ጭቃ የለበሰ እግሬን አየት አደረገና «እሱንማ አየሁ፤ ባለመሬቷን አምጣ» አለ።

ባለመሬቷ 80 ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ዓመት ሆናቸው። አዝዬ ላምጣቸው?

ከነጋዴ ገዛሁ፤ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ዋጋ። ቤት ወስጄ ሳየው ኬሻው ማኅበሩ ሲያድለው ከነበረው ጋር አንድ ነው። ያው ጽሑፍ፣ ያው ስፌት። እንግዲህ የተደጎመው ማዳበሪያ እኔ ቤት ገባ፤ ድጎማው ግን መንገድ ላይ ወርዶ ቀረ።

ዘጋቢያችሁ ያነጋገረው አንድ ኃላፊ፣ አንድ የዩኒየን ሰውና አንድ ሞዴል አርሶ አደር ነው። ሞዴሉ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን አልመቀኘውም። በእኩል የሚያርሰው ወጣት ግን የለም። አቅም አጥተው መሬታቸውን በእኩል የሰጡት ባልቴትም የሉም። ፎቶው ላይ ኮምባይነር የስንዴ ማሳ ያጭዳል። ኮምባይነር እኛ የምናየው በቴሌቪዥን ነው።

ማረሚያ አውጡልኝ። «ለአርሶ አደሩ ተከፈለ» የሚለውን «የማዳበሪያ ዋጋ ተደጎመ» በሉት፤ በአንድ መስመር ያልቃል። ዘጋቢያችሁም ሌላ ጊዜ ሰልፉ ሳለ፣ በሐምሌ ይምጣ። ቦቲ ጫማ አይርሳ፤ የመጋዘኑ በር ጭቃ ነው።

በእኩል የሚያርስ አንባቢያችሁ፣
ከምዕራብ ጎጃም